ፎቶን በጅምላ ማስተካከል፦ ለዓይን የሚተወውና ለትዕዛዝ የሚሰጠው

ጥር ሲገባ ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍ ፎቶግራፈር የለም። ጠዋት ሙሽራዋ ቤት፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ወይም አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ዳር። ማታ ሚሞሪ ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ 600 ፎቶ ቢወጣ ማንም አይገረምም። ሰኞ ጠዋት ስልኩ ይጮኻል። «ፎቶው ደረሰ ወይ? እስከዚያው በቴሌግራም የሚሆን ካለ ላክልን።»

ሥራው የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ፎቶ 8 ወይም 10 ሜጋባይት ነው። እንዳለ ቢላክ የደንበኛውን ዳታ ይጨርሳል። ስለዚህ ማነስ አለበት። ጎኑ ላይ የተኛው መቃናት አለበት። የፎቶ ቤቱ ስም ጥግ ላይ መግባት አለበት። ብዙ ፎቶ ቤት ይህን የሚሠራው አንድ በአንድ እየከፈተ ነው። ክፈት፣ አሳንስ፣ በሌላ ስም አስቀምጥ፣ ዝጋ። ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ይፈጃል ብንል እንኳ 600ው አምስት ሰዓት ይበላል። አምስት ሰዓት ሙሉ የባለሙያ እጅ ያንኑ ነገር ሲደጋግም መዋሉ ያሳዝነኛል። ያ ጊዜ ለምርጫ፣ ለቀለም፣ ካልሆነም ለእንቅልፍ መዋል ነበረበት።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሳኔ አለ። አንደኛው ዓይን ይፈልጋል። የትኛው ፎቶ ይመረጥ? የሙሽራዋ ፊት ላይ ጥላ በዝቷል ወይ? እናትየዋ ስታለቅስ የተነሳችው ትግባ ወይስ ትቅር? ሁለተኛው ዓይን አይፈልግም። «ረጅሙ ጎን 1600 ፒክሰል ይሁን» የሚለው ውሳኔ ለመጀመሪያውም ለ600ኛውም ፎቶ አንድ ነው። አንዴ ከተወሰነ ሰው ደግሞ ደጋግሞ የሚወስንበት ምክንያት የለም። በጅምላ ማስተካከል ማለት እነዚህን ሁለቱን መለየትና ሁለተኛውን ለኮምፒውተሩ ማስረከብ ነው።

ጥቁሩ መስኮት

ኮማንድ ላይን ማለት ኮምፒውተሩን በማውስ ከመጫን ይልቅ በጽሑፍ ማዘዝ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ወይም ፓወርሼል ይባላል፤ ማክና ሊኑክስ ላይ ተርሚናል። ጥቁር መስኮት ይከፈታል፤ ትጽፋላችሁ፤ ኢንተር ትጫናላችሁ። ብዙ ሰው ሲያየው ይደነግጣል። የፕሮግራመሮች ብቻ ይመስለዋል። ግን ትልቁ ጥቅሙ ለማንም ይገባል። የማውስ ጠቅታ አይቀመጥም፤ ጽሑፍ ግን ይቀመጣል። ለዛሬው ሠርግ የጻፋችሁትን መስመር ለሚቀጥለው ሳምንት ሠርግ ትጠቀሙበታላችሁ። ለባልደረባችሁ በቴሌግራም ትልኩለታላችሁ። እሱም ሳይማር ሳይለማመድ ያንኑ ውጤት ያገኛል።

ለፎቶ የሚሆነው ታዋቂው መሣሪያ ኢሜጅማጂክ ነው። በነፃ ይገኛል፤ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ጆን ክሪስቲ የተባለ ሰው በ1987 እ.ኤ.አ. ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ ነው የጀመረው። የዚያን ጊዜ ችግር ዛሬ ላለ ሰው ይገርማል። ኮምፒውተሩ በሚሊዮን የሚቆጠር ቀለም ያለው ምስል ያመርታል፤ ስክሪኑ ግን በአንድ ጊዜ 256 ቀለም ብቻ ነው የሚያሳየው። ፕሮግራሙ የተጻፈው ያን ለማቻቻል ነበር። በነሐሴ 1990 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተለቀቀ፤ እስከ ዛሬም እየታደሰ ነው። ብዙ ድረ ገጾች ፎቶ ስትጭኑባቸው ከበስተጀርባ የሚያሳንሱት በዚሁ ወይም በዘመዶቹ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ማሰብ ይረዳል። ልብስ የሚሰፋ ፋብሪካ እያንዳንዱን ሸሚዝ ለየብቻ ለክቶ አይቆርጥም። ንድፉ አንዴ ይወጣል፤ ጨርቁ ይደረደራል፤ ድርብርቡ ባንድ ላይ ይቆረጣል። ፍጥነቱ ከዚያ ነው። አደጋውም ከዚያው ነው። ንድፉ አንድ ሴንቲ ከተሳሳተ ሁሉም ሸሚዝ አንድ ሴንቲ ይሳሳታል። ትዕዛዝም እንደዚሁ ነው፤ ትክክል ከሆነ 600ው ይስተካከላል፤ ከተሳሳተ 600ው ይበላሻል። ስለዚህ ስለ ትዕዛዙ ከማውራታችን በፊት ስለ ኦሪጅናሉ እናውራ።

ኦሪጅናሉ አይነካም

ኢሜጅማጂክ ውስጥ ሞግሪፋይ የሚባል ትዕዛዝ አለ። ብዙ ፎቶ ባንድ ጊዜ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ግን አንድ ጠባይ አለው፦ ሌላ ካልተነገረው ውጤቱን በኦሪጅናሉ ላይ ደርቦ ይጽፋል። አይጠይቅም። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» የሚል ሳጥን አይመጣም። ትልቁ ፎቶ ሄዶ ትንሹ በቦታው ይቀመጣል፤ የሚመለስበት መንገድም የለም። ከወር በኋላ ቤተሰቡ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ቢያዝዝ ምን ይታተማል? 1600 ፒክሰል ለስልክ ይበቃል፤ ለግድግዳ ግን አይሆንም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባዶ ፎልደር ትሠራላችሁ። ትዕዛዙ ውስጥ «ፓዝ» የሚለውን አማራጭ ከፎልደሩ ስም ጋር ትጨምራላችሁ። ከዚያ በኋላ ሞግሪፋይ ከኦሪጅናሉ ያነባል፤ ውጤቱን ግን እዚያ ፎልደር ውስጥ ነው የሚጽፈው። ፎልደሩ አስቀድሞ መኖር አለበት፤ ራሱ አይፈጥረውም። ከዚያም በላይ ካርዱ ከተገለበጠ በኋላ ኦሪጅናሉን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን አጥብቄ የምናገረው የሠርግ ፎቶ ሁለተኛ ዕድል ስለሌለው ነው። ሙሽሮቹን ሰብስቦ እንደገና ማጋባት አይቻልም።

ሌላው ልማድ መጀመሪያ በትንሹ መሞከር ነው። አምስት ፎቶ ወደ ሌላ ፎልደር ኮፒ አድርጉ። ከአምስቱ አንዱ የቆመ፣ አንዱ የተኛ፣ አንዱ በስልክ የተነሳ፣ አንዱ ማታ የተነሳ ይሁን። ትዕዛዙን እነሱ ላይ ሞክሩ። ውጤቱን ከፍታችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ ነው 600ው።

ትዕዛዙ ሲፈታ

አንድ ሙሉ ትዕዛዝ ይኸውና። ኮምፒውተሩ የሚቀበለው በላቲን ፊደል ሲጻፍ ነው፤ እኔ እዚህ እንደሚነበበው አስቀምጬዋለሁ።

ማጂክ ሞግሪፋይ -ፓዝ ዌብ -ኦቶ-ኦሪየንት -ሪሳይዝ "1600ኤክስ1600>" -ኳሊቲ 85 *.ጄፒጂ

ማጂክ የፕሮግራሙ መጠሪያ ነው፤ በላቲን ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ሲ እና ኬ ተከታትለው ይመጣሉ። አንዳንድ ሊኑክስ ላይ አሁንም የቆየው 6ኛው እትም ነው ያለው፤ እዚያ ማጂክ የሚለው ይቀርና በቀጥታ በሞግሪፋይ ይጀመራል። በሰረዝ የሚጀምሩት ቃላት አማራጮች ናቸው። «ፓዝ ዌብ» ማለት ውጤቱን ዌብ በሚባለው ፎልደር አስቀምጥ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ኮከብ «ስሙ ምንም ይሁን» ማለት ነው፤ በጄፒጂ የሚያልቀውን ፋይል ሁሉ ይይዛል። እዚህ ጋ ሊኑክስ ላይ ላላችሁ አንድ ነገር፦ ብዙ ካሜራ ይህን መጨረሻ በትልልቅ ፊደል ነው የሚጽፈው። ሊኑክስ ደግሞ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ ሁለት የተለያየ ነገር ያያል። «ፋይሉ የለም» ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ።

የመጠኑ ክፍል ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሁለቱ 1600ዎች ፎቶው የሚገባበት ሳጥን ወርድና ቁመት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለችው የላቲኗ ፊደል ኤክስ ናት። ፎቶው አይለጠጥም፤ አይጨመቅም። ምጥጥኑን ጠብቆ ሳጥኑ ውስጥ እስኪገባ ያንሳል። 6000 በ4000 የሆነ ፎቶ 1600 በ1067 ይሆናል። የቆመ ፎቶ ደግሞ ቁመቱ 1600 ይሆናል። ወርዱን ብቻ ብታዙ ኖሮ የቆሙት ፎቶዎች ከተኙት በጣም ገዝፈው ይወጡ ነበር። መጨረሻ ላይ ያለችው የ«ይበልጣል» ምልክት «ከዚህ የሚበልጠውን ብቻ አሳንስ» ትላለች። እሷ ከሌለች ትንንሽ ፎቶዎች በግድ ይገዝፉና ይደበዝዛሉ። ጥቅሱም የግድ ነው፤ ምልክቷ ያለ ጥቅስ ከተጻፈች ጥቁሩ መስኮት «ውጤቱን ወደ ፋይል ጻፍ» የሚል የራሱን ትዕዛዝ አድርጎ ያነባታል።

85 የጥራት ቁጥር ነው። ጄፔግ (በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ጄፒጂ የሚባለው) ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረጃ የወጣለት የፎቶ ማስቀመጫ ዘዴ ነው። ፎቶውን 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፍሎ በየካሬው ውስጥ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል። ቁጥሩ ሲወርድ የሚጣለው ይበዛል። 85 መቶኛ አይደለም፤ «85 በመቶው ጥራት ተረፈ» ማለት አይደለም። ለስልክና ለድረ ገጽ ከ80 እስከ 85 ባለው ውስጥ ልዩነቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። ወደ 60 ሲወርድ ግን ሰማዩ ላይ ካሬ ካሬ መታየት ይጀምራል፤ በተለይ የሐይቁ ሰማይ ላይ፣ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ። የተጣለው ደግሞ አይመለስም። ያንኑ ጄፔግ ከፍቶ፣ ነካክቶ፣ መልሶ ጄፔግ ማድረግ በየዙሩ ያቆረቁዘዋል። ሁልጊዜ ከኦሪጅናሉ መነሳት ያለብን ለዚህም ነው።

ጽሑፍ የበዛበት ማስታወቂያ ወይም የጥሪ ካርድ ከሆነ ጄፔግ አይመቸውም። በፊደሎቹ ዙሪያ ቆሻሻ የሚመስል ነጠብጣብ ይተዋል። እሱን ፒኤንጂ በሚባለው ሌላ የምስል ፋይል ዓይነት አስቀምጡት።

ጎኑ ላይ የተኛው ፎቶና የተደበቀው አድራሻ

ፎቶ ፋይል ውስጥ ከምስሉ ሌላ የማይታይ ማስታወሻ አለ። ኤግዚፍ ይባላል። ካሜራው ምን እንደሆነ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሌንሱ ዓይነት፣ ብርሃኑ እንዴት እንደተለካ ተጽፎበታል። ስልክ ከሆነና ጂፒኤሱ ከተከፈተ ደግሞ ፎቶው የተነሳበት ቦታ በትክክል ተቀምጧል።

ከዚያ ማስታወሻ አንዱ የአቅጣጫ ቁጥር ነው። ካሜራን አቁማችሁ ስታነሱ ብዙ ካሜራ ምስሉን ተኝቶ እንዳለ ይጽፍና «ሲታይ ይቃና» የሚል ቁጥር ያስቀምጣል። የሚያሳየው ፕሮግራም ቁጥሩን ካነበበ ፎቶው ይቆማል፤ ካላነበበ ይተኛል። አንዱ ስልክ ላይ ደህና የነበረ ፎቶ ሌላው ጋ ሲሄድ ጎኑ ላይ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። «ኦቶ-ኦሪየንት» ቁጥሩን አንብቦ ምስሉን ራሱን ያዞረዋል። ከዚያ በኋላ የትም ቢከፈት ቆሞ ነው የሚታየው።

«ስትሪፕ» የሚባል ሌላ አማራጭ ደግሞ ማስታወሻውን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ይቃና፣ ከዚያ ይጥፋ። ከተገላበጠ የአቅጣጫው ቁጥር ሳይነበብ ሊጠፋ፣ የቆሙት ፎቶዎችም ተኝተው ሊቀሩ ይችላሉ። ኢሜጅማጂክ አማራጮቹን የሚፈጽመው በጻፋችኋቸው ቅደም ተከተል ነው።

ማጥፋቱ ለምን ያስፈልጋል? ቤት ውስጥ በስልክ የተነሳ የሕፃን ፎቶ አስቡ። ያ ፎቶ በሕዝብ ቻናል ላይ በፋይል መልክ ከወጣ ያወረደው ሰው ሁሉ የዚያን ቤት ቦታ ካርታ ላይ ማየት ይችላል። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል፤ ማስታወሻውም ይቀራል። ጥራቱ እንዳይወርድ ብሎ እንደ ፋይል የሚልክ ሰው ግን ከነማስታወሻው ነው የሚልከው። ፎቶ ቤቶቻችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለጥራት ሲሉ በፋይል ነው የሚልኩት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ማወቅ አለበት። የፍቼ ጨምበላላ ዕለት ጉዱማሌ ላይ የተነሳ ፎቶ ቦታው ቢታወቅ ችግር የለውም፤ በዓሉ የሁሉም ነው። የሰው ጓሮ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስትሪፕ አንድ ጉዳት አለው። ከማስታወሻው ጋር የቀለም መግለጫውንም ያጠፋዋል። ከአይፎን 7 ጀምሮ ያሉት አይፎኖች ፎቶ የሚያነሱት ከተለመደው ሰፋ ባለ የቀለም ክልል ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው መግለጫ ስክሪኑ ቀለሙን እንዴት እንዲያነብ ይነግረዋል። መግለጫው ሲጠፋ ስክሪኑ በተለመደው መንገድ ያነበዋል። ቀዩ ይደበዝዛል፤ የቆዳው ቀለም ሕይወት ያጣል። ይህን ለማዳን ከስትሪፕ ይልቅ በመደመር ምልክት የሚጀምረውን «ፕሮፋይል» የሚባል አማራጭ ተጠቀሙ፤ ከቀለም መግለጫው በስተቀር ሌላውን አጥፋ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። የሠርግ እንግዶች በስልካቸው ያነሱትን ከካሜራው ጋር ለምትቀላቅሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የፎቶ ቤቱ ስም በአማርኛ

እዚህ ላይ ኢሜጅማጂክ ስለ እኛ ፊደል ምንም አይጠነቀቅም። «አኖቴት» በሚባለው አማራጭ ፎቶው ላይ ጽሑፍ መጻፍ ይቻላል። የሚጠቀመው ፎንት ግን የግዕዝ ፊደል ከሌለው በስማችሁ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ፎንቱን ራሳችሁ መንገር አለባችሁ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነፃ ይገኛሉ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ኮማንድ ፕሮምፕቱ ራሱ ፊደላችንን አንዳንዴ ያበላሸዋል። ትዕዛዙ ትክክል ሆኖ ሳለ ጽሑፉ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

እኔ የማምንበት መንገድ ሌላ ነው። ስሙን አንዴ በፎቶሾፕ ወይም በካንቫ አሳምራችሁ ጀርባው ባዶ በሆነ ፒኤንጂ አስቀምጡት። ከዚያ ትዕዛዙ ያን ምስል በየፎቶው ቀኝ ጥግ ታች ይለጥፈው። ፎንትም ፊደልም ችግር መሆኑ ያበቃል። ማሳነሱ ግን ከመለጠፉ መቅደም አለበት። ካልሆነ በትልቁ ፎቶ ላይ የተለጠፈው ስም አብሮ ያንስና የማይነበብ ይሆናል። በሌላው በኩል ደግሞ ስሙን አታግዝፉት። ሰው የሙሽራዋን ፊት ለማየት ነው የመጣው።

ሁለት ካሜራ፣ ሁለት ሰዓት

አሁን ወደ ስም አሰጣጥ እንሂድ። እዚህ ጋ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው።

ካሜራ ለፎቶዎቹ የሚሰጠው ቁጥር አራት አሃዝ ነው። 9999 ሲሞላ ከ0001 እንደገና ይጀምራል። ሁለት ፎቶግራፈር አንድ ሠርግ ላይ አንድ ዓይነት ካሜራ ይዘው ከሠሩ ደግሞ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ፎቶዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አንድ ፎልደር ውስጥ ሲገለበጡ አንዱ አንዱን ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ ከመቀላቀላቸው በፊት ስማቸው መቀየር አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ስም የተነሱበት ቀንና ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ከሁለቱ ካሜራ የመጡት ፎቶዎች ራሳቸው ይሰለፋሉ፤ ቀለበቱ ከአንዱ ጎን፣ ቀጥሎ ከሌላው ጎን።

ለዚህ የሚሆነው ኤግዚፍቱል የሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ፊል ሃርቪ የተባለ ሰው ነው የሠራው። ከፎቶው ማስታወሻ ሰዓቱን አንብቦ ፋይሉን በዚያ ይሰይመዋል። ሁለት ፎቶ በአንድ ሰከንድ ከተነሱ ስማቸው እንዳይጋጭ ተከታይ ቁጥር እንዲጨምር ማዘዝም ይቻላል።

ጣጣው ሰዓቱ ላይ ነው። አንዱ ፎቶግራፈር ካሜራውን በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን 3፡00 ይላል። ሌላው ፋብሪካው እንደሰጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ያው ሰዓት እሱ ጋ 9፡00 ነው። ፎቶዎቹ በሰዓት ሲሰለፉ የአንዱ የጠዋት የሙሽራ ቤት ፎቶ ከሌላው የከሰዓት በኋላ ፎቶ ጎን ይሰለፋል። ታሪኩ ይፈርሳል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ኤግዚፍቱል «ኦልዴትስ» በሚለው አማራጭ የሁሉንም ፎቶ ሰዓት ባንድ ጊዜ ይገፋል። በእኛ ሰዓት የተሞላው ካሜራ ፎቶዎች ላይ ብቻ ስድስት ሰዓት ትጨምራላችሁ፤ ሁለቱ ካሜራዎች ይገናኛሉ። ኤግዚፍቱል ደግሞ ጠንቃቃ ነው፤ ካልከለከላችሁት በስተቀር የድሮውን ፋይል ከጎኑ አስቀምጦ ነው የሚቀይረው።

የደቂቃ ልዩነትም እንዲሁ ይስተካከላል። ሁለታችሁም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የአንድ ስልክ ሰዓት ፎቶ አንሱ። በኋላ ሁለቱን ፎቶዎች ስታወዳድሩ ልዩነቱ በሰከንድ ይገኛል። ቀኑን ግን ሁላችሁም በፈረንጅ ሙሉት። ካሜራው ጳጉሜን አያውቃትም።

በጅምላ የማይሠራው

ብዙ ሰው ይህን መንገድ ሲለምድ ሁሉንም ነገር ለትዕዛዝ መስጠት ያምረዋል። ብርሃኑንም ቀለሙንም። እዚህ ላይ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ኢሜጅማጂክ ብርሃንን ራሱ የሚያስተካክልባቸው አማራጮች አሉት። «ኦቶ-ሌቭል» አንዱ ነው። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በፎቶው ውስጥ ከሁሉ የጨለመውን ወደ ጥቁር፣ ከሁሉ የፈካውን ወደ ነጭ ይለጥጣል። እያንዳንዱን ፎቶ ለብቻው ነው የሚያየው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ክፈፉን የሞላበት ፎቶና ከሰከንድ በኋላ የተነሳው የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ፎቶ የተለያየ ሂሳብ ይደርሳቸዋል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ የቆሙት ሁለት ሰዎች የተለያየ ቀን የተነሱ ይመስላሉ። ማታ ሆን ተብሎ ጨለም ተደርጎ የተነሳ የሻማ ፎቶም ይፈካና ውበቱ ይጠፋል። ፕሮግራሙ ነጠላ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሰው ፊት ምን መምሰል እንዳለበትም አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ይቻላል። በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን የተነሱትን ለይታችሁ ካስቀመጣችኋቸው፣ በዓይናችሁ አይታችሁ የወሰናችሁትን ቋሚ ቁጥር ለዚያ ፎልደር ብቻ መስጠት ትችላላችሁ። የአዳራሹ ለብቻ፣ የሐይቁ ለብቻ። ውሳኔው የዓይን ነው፤ ድግግሞሹ የትዕዛዝ ነው። በ«ሮው»፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ ለምታነሱ ደግሞ ይህ ሥራ የሚያልቀው ላይትሩም ወይም ዳርክቴብል በሚባሉት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ውስጥ ነው። እነሱም በጅምላ ማውጣት ይችላሉ። ኢሜጅማጂክ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ

24 ሜጋፒክሰል የሆነ ፎቶ ዲስክ ላይ 8 ሜጋባይት ቢሆንም፣ ሲከፈት ይዘረጋል። ኢሜጅማጂክ ውስጥ አንዱ ብቻ ከ200 ሜጋባይት በላይ ራም ሊይዝ ይችላል። ሞግሪፋይ አንዱን ከፍቶ፣ ጨርሶ፣ ዘግቶ ወደ ቀጣዩ ስለሚሄድ ራማችሁ አያልቅም። ሞግሪፋይ የሚለውን ትታችሁ ማጂክ ብላችሁ በኮከብ ሁሉንም ከሰጣችሁት ግን 600ውን ባንድ ጊዜ ለመክፈት ይሞክራል፤ ላፕቶፑ ይቆማል።

መብራት መሃል ላይ ቢሄድም አትደንግጡ። ፓዝ ስላለ ኦሪጅናሉ አልተነካም። መብራት ሲመጣ ዌብ ፎልደር ውስጥ ያለውን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው።

ትዕዛዙ ከሠራላችሁ በኋላ በተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡት። ዊንዶውስ ላይ በ«ባት» የሚያልቅ ስም ብትሰጡት ራሱ ትዕዛዝ ይሆናል፤ ሊኑክስና ማክ ላይ በ«ኤስኤች» የሚያልቅ ስም ሰጥታችሁ እንዲሠራ ፈቃድ መስጠትም ያስፈልጋል። ከያንዳንዱ መስመር በላይ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ጻፉበት። በሚቀጥለው ጥር ስትከፍቱት ያኔ ያሰባችሁት ላይታወሳችሁ ይችላል፤ አዲስ የመጣው ልጅም አይቶ ይማርበታል።

ከመላኩ በፊት አንድ ነገር ይቀራል፤ ማየት። 600ውን አንድ በአንድ መክፈት አይጠበቅባችሁም። የተቀነሱትን እንደገና በ240 ፒክሰል አሳንሳችሁ ሌላ ፎልደር ውስጥ አድርጓቸው። ከዚያ ሞንታጅ የሚባለው የኢሜጅማጂክ ትዕዛዝ በአንድ ገጽ 30 ፎቶ፣ ከሥሩ የፋይሉን ስም ጽፎ፣ ይደረድራቸዋል። 20 ገጽ ይወጣል። ገጾቹን ስታገላብጡ የተኛው ፎቶ፣ ስሙ ያልተለጠፈበት፣ ቀለሙ የጠፋበት ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። የፋይሉ ስም ከሥሩ ስላለ ያንን ብቻ ከኦሪጅናሉ መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ፤ የቀሩትን ለደንበኛው መላክ ትችላላችሁ።